ባለ 22 ጎማው ጎረቤቴ

ጁባ ውስጥ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላበት ነገር አያጣም። ጄኔሬተር አለ፣ ፍየል አለ፣ ከአጥር ሥር ሾልኮ የሚመጣ የልብስ እጣቢ አለ። ዕድሜው የረዘመው ጠብ ግን በር ላይ የሚያድር የጭነት መኪና ጠብ ነው። ፍየል ካስቸገረ ይታሰራል። ጄኔሬተርም ቢሆን ነዳጁ ሲያልቅ ራሱ ዝም ይላል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ግን ባለቤቱ ካምፓላ፣ ሹፌሩ እንቅልፍ ላይ፣ ረዳቱ ገበያ ሲሆን አቤቱታው ለማን ይቀርባል? ጎማውን በእርግጫ ብትለው የምታነክሰው አንተ ነህ።

ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ጁባ የምትበላውም፣ የምትለብሰውም፣ ቤት የምትሠራበትም ነገር አብዛኛው በጎማ ነው የሚገባላት። ዕቃው ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ይወርዳል፤ ኬንያን አቋርጦ፣ ኡጋንዳን አልፎ፣ በኒሙሌ ድንበር ገብቶ፣ 192 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኒሙሌ አስፋልት ይዞ ይመጣል። ይህ መንገድ በአሜሪካ ዕርዳታ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ የአዲሲቱ አገር የደቡብ ሱዳን የመጀመሪያው አገር አቋራጭ አስፋልት ነበር። በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓኖች የሠሩት 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነፃነት ድልድይ ነጭ ዓባይ ላይ ተመረቀ፤ ያ ሁሉ መኪና በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ መታገሉ ቀረለት። እንግዲህ መንገዱም ድልድዩም ተገኘ። የቀረው ነገር ቢኖር ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው መኪና የት ይደር የሚለው ነው። ይህን ማንም አላሰበበትም መሰለኝ፣ መኪናው ራሱ አሰበበትና የእኔን በር መረጠ።

የእኔው ባለ 22 ጎማ ነው። ከፊት ሁለት፣ ከጋቢናው ጀርባ ስምንት፣ ተሳቢው ሥር አሥራ ሁለት። ይህን ቁጥር በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም፤ ከቤት በወጣሁና በገባሁ ቁጥር በጎኑ ሳልፍ ራሱ ተቆጥሮ ነው።

ደቡብ ሱዳን በቀኝ የሚነዳባት አገር ናት። አሮጌዋ ሱዳን በ1973 እ.ኤ.አ. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ጁባም አብራ ዞረች። ኬንያና ኡጋንዳ ግን ከእንግሊዝ የወረሱትን ይዘው በግራቸው ቀሩ፤ የመኪኖቻቸውም መሪ በቀኝ ነው። ሹፌሩ ኒሙሌ ላይ ሲደርስ ጎን ይቀይራል፣ መሪው ግን ያው በነበረበት ነው። ለትራፊክ ፖሊስ ይህ የመቅደም አደጋ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነው። መኪናው ቀኙን ይዞ አጥሬ ሥር ሲቆም የሹፌሩ መስኮት በቀጥታ ጊቢዬ ላይ ይከፈታል። አጥሬ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል። ጋቢናው ደግሞ ከቆርቆሮው በላይ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት የተሰጣ ልብስ፣ የተጣደ ድስት፣ የተቆጣ ልጅ፣ ሁሉም በተመልካች ፊት ነው።

ሹፌሩ ያሰብ ልጅ ነው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል። አባቱ በደጉ ዘመን በፊያት ኤንትሬ ካሰብ ኮምቦልቻ ይመላለስ እንደነበር የነገረኝ ገና በተዋወቅን በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የነገረኝም ከላይ ከመስኮቱ ሆኖ፣ እኔ ጊቢ ውስጥ ጥርሴን እየፋቅኩ ነው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ጭሱ ሽቅብ ይሄድና ወዲያው ከላይ ድምፅ ይመጣል።

“እትዬ፣ አቦሉ ነው ቶናው?”

“ቶና ነው።”

“እንግዲያው በረካው ላይ እወርዳለሁ። አቦል እንኳ አያስፈልግም።”

ይወርዳል። ጨዋ ሰው ነው፤ ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ቀን የካምፓላ ማቶኬ፣ ሌላ ቀን ከኤልዶሬት የመጣ ድንች ይዞ ይገባል። ፆም መግባቱን ከእኛ ቀድሞ የሚያስታውሰን እሱ ነው። ባለቤቴ አንድ ሐሙስ ማታ ዶሮ ስትበልት አይቶ “እትዬ፣ ነገ እኮ ዓርብ ነው” ብሎ ከላይ እንዳስጠነቀቃት ይኸው እስከ ዛሬ ታነሳለች። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን መዳብ ይባላል። ከዚያ በኋላ ብረት እንደሚሆን ስለሚታወቅ ነው መሰለኝ ተረቱ እዚያ ላይ የሚያቆመው። የእኛው ግን ሲጀመርም ብረት ነበር፤ ያውም በቶን የሚመዘን።

ችግሩ ያለው ንጋት ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ይነሳል። ተነሳ ማለት ሄደ ማለት እንዳይመስላችሁ። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፤ ሌሊቱን ያለቀው አየር እስኪሞላ ድረስ መኪናው ባለበት ቆሞ ያጓራል። የኛ የቆርቆሮ አጥር አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ ሆነው ይመልሱለታል። አየሩ ሲሞላ አንድ ረጅም “ጵስስስ” ይመጣና ነገሩ ያልቃል። ትንሿ ልጃችን አፏን ስትፈታ ከ“እማማ” ቀጥላ የተናገረችው ይህንኑ ነው። እናቷ ውኃ የጠየቀች መስሏት ስትንከራተት ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ተሳቢው ሲዞር ጫፉ አጥሬን ገፋ አደረገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብዬ በቁጣ ወጣሁ። ሹፌሩ ወርዶ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ አጥሩን አየና “ጋሼ፣ ይሄ አጥር እኮ ድሮም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ አሁን ቀና አለልህ” አለኝ። ክፋቱ፣ እውነቱን ነበር።

የመኪናውንም ወገን ካልተናገርኩ ፍርድ አጓደልኩ ማለት ነው። ጁባ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ ሀብት ነው፤ የዚያ ተሳቢ ጥላ ደግሞ ከማንኛውም ማንጎ ዛፍ ይረዝማል። ሻይ የምትሸጠው ሴት ምድጃዋን፣ ትንንሽ ወንበሮቿንና የዝንጅብል ቡናዋን ይዛ የሰፈረችው እዚያ ነው። የእሷን ሻይ ተከትለው ቦዳ ቦዳዎቹ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲዎቹ፣ መጡ። ቦዳ ቦዳ ካለ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ይመጣል። ካርድ የሚሸጥ ካለ ዶላር የሚመነዝር ይመጣል። ፍየሎቹ ግን ከሁሉም በፊት እዚያው ነበሩ። መኪናው ጭኖ ወደ ድንበር የሄደ ቀን ይህ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ላይ ይቀርና ሰፈሩ የተፈታ ገበያ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሻይ ሻጯ “ሀበሻ፣ መኪናችሁ መቼ ነው የሚመለሰው?” ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ሹፌሩ ቡና እኛ ቤት ስለሚጠጣ መኪናው የእኔ መስሏታል።

በዚህ ላይ የውኃ ቦቴ አለ። ብዙው የጁባ ቤት ቧንቧ የለውም፤ ውኃው ከዓባይ ተስቦ በሰማያዊ ቦቴ ተጭኖ በየሰፈሩ እየዞረ በበርሜል ይሸጣል። ዋጋውን ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ይህ ጽሑፍ ተነቦ እስኪያልቅ ስለሚለወጥ ተውኩት። የቦቴው ንግድ ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ አለን፤ ብዙው ሰው እዚህ የደረሰው ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ከተማዋ መስፋፋት ስትጀምር ነው፤ ገሚሱ ሆቴል ከፈተ፣ ገሚሱ ቦቴ ገዛ። ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ ስለ ቦቴ አንድ ክፉ ቃል ሲነሳ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚዞረው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በስሜ የተመዘገበ ተሽከርካሪ ቢኖር የልጄ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው።

አንድ ቅዳሜ ቦቴው ወደ እኛ መንገድ ሲገባ ባለ 22 ጎማው መንገዱን ዘግቶታል። የቦቴው ሹፌር ክላክስ ነፋ። ሰው የለም። ደግሞ ነፋ። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ባልዲውን፣ ጄሪካኑን፣ የውኃ ጎማውን ይዞ ወጣ፤ ውኃው ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆሟል፣ በርሜላችን ባዶ ነው። ያሰቡ ልጅ ቅዳሴ ሄዷል፤ ቁልፉም አብሮት አስቀድሷል። ከሁሉ አብልጠው የሚጮኹት ደግሞ “መኪና የሚባል ነገር ከዚህ ሰፈር ይውጣልን” እያሉ ሁልጊዜ የሚሟገቱት ጡረተኛው ሳጅን ነበሩ፤ አሁን ግን “ቦቴው ይግባ! ቦቴው ይግባ!” ነው የሚሉት። በመጨረሻ የሰፈሩ ጎረምሶች በጄሪካን እየተሸከሙ አቀረቡልን፤ ለእያንዳንዷ እርምጃም አስከፈሉን።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው ስብሰባው የተጠራው።

ስብሰባው በኒም ዛፍ ሥር ነበር። የሰፈሩ ሱልጣን፣ ማለትም አለቃው፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ፣ የቀረነው በቆምንበት። አጀንዳው አንድ ነው፤ ትልልቅ የጭነት መኪና በመኖሪያ መንደር ውስጥ እንዳያድር። ሱልጣኑ “የሚቃወም አለ?” አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። እንዲህ ያለ ስምምነት በጁባ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ሊያጨበጭብ ሲል ባለሱቁ “ትልቅ መኪና ማለት ግን ምን ማለት ነው?” ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ልቆጥረው አልችልም። ፀሐይዋ ተሻግራ ሁላችንም ጥላውን ተከትለን ሁለት ጊዜ ተዛውረናል።

ሳጅኑ ትልቅ የሚባለው ተሳቢ ያለው ነው አሉ። ምክንያቱም የእሳቸው አይሱዙ ተሳቢ የለውም። ባለሱቁ በቁመት ይለካ አለ፤ የመብራት ሽቦውን በጥሶ መንደሩን ለሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ የከተተው ኮንቴይነር በቁመቱ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም። የእሱን ዕቃ የምታመጣለት መኪና አጭር ናት። መምህሩ በሚዛን ይሁን አሉ፤ ደቡብ ሱዳን በ2016 እ.ኤ.አ. የገባችበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ ለአንድ ከባድ መኪና ከነጭነቱ እስከ 56 ቶን እንደሚፈቅድ አስረዱ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሱልጣኑ ግን “ሚዛኑን ማን ይገዛል?” ሲሉ መምህሩ ተቀመጡ።

በጎማ ይቆጠር ተባለ። ጎማ ሚዛን አይፈልግም፤ ሕፃንም ይቆጥረዋል። ከስድስት ጎማ በላይ ያለው ትልቅ ነው፣ አያድርም። የሳጅኑ አይሱዙ ስድስት ስለሆነች ሳጅኑ ወዲያው ደገፉ። ባለ አሥር ጎማ መኪና ያለው ሰው ተነሣና “የእኔ በወረቀት አሥር ነው፤ አራቱ ግን ከፈነዱ ቆዩ፤ የሚሠሩት ስድስት ናቸው” አለ። ጎረምሶች ተልከው አዩ። እውነት ነው፤ አራቱ ተኝተዋል። የሚሠራና የማይሠራ ጎማ እኩል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሆኑ። ቦቴው አሥር ጎማ ነው፤ እሱስ? “ቦቴ ውኃ ነው፣ መኪና አይደለም” ተብሎ በአንድ ድምፅ ታለፈ። እኔ ወገን እንዳልባል ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ተመዘገበብኝ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከመንገዱ መጨረሻ ነው። እዚያ ባለቤቱ መለዋወጫ ሲጠብቅ የተወው አንድ መኪና አለ፤ ጎማዎቹ አንድ ባንድ ተሸጠው አልቀው አሁን በድንጋይ ላይ ነው የቆመው። ጋቢናው ውስጥ ዘበኛው ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ አለው፤ ከኋላ ጭነት መያዣው ላይ ጎመን ተተክሏል። ባለቤቱ ቆሞ በሙሉ ልብ ተናገረ። “የእኔ ጎማው ዜሮ ነው። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ከሁሉም ትንሹ መኪና እሱ ነው።”

የሚመልስለት ጠፋ። ሱልጣኑ ረዘም ላለ ጊዜ መሬት መሬቱን አዩና “ማፊ ሙሽኪላ” (ችግር የለም) አሉ፤ ቤት ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ክርክሩን እኛ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። ዩሊየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት አካባቢ በወጣው ሕግ ሮም ከተማ ውስጥ ጋሪ ከፀሐይ መውጫ እስከ አሥር ሰዓት እንዳይንቀሳቀስ ከልክሎ ነበር። የሮማውያን ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት የሚቆጠር ስለሆነ አሥር ሰዓቱ የእኛው አሥር ሰዓት ነው። ጋሪው ታዲያ ምን አደረገ? ማታ ማታ መጣ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዩቬናል የተባለው ገጣሚያቸው በዚያው ከተማ ድሃ ሰው በጋሪ ጩኸት እንቅልፍ እንዳጣ እያማረረ ሲጽፍ ይገኛል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሞተር ሳይክልን ስታግድ ለጭነት መኪናም የቀን ገደብ አወጣች፤ “ቀይ ሽብር” የሚሏት ሲኖትራክም ቀን ተኝታ ሌሊት አሸዋ ማመላለስ ያዘች። ቀን መንገዱ ተነፈሰ፣ ሌሊት ደግሞ ቃሊቲ ዳር የሚኖሩት ዘመዶቼ የዩቬናል ወገን ሆኑ። በኒውዮርክ የንግድ መኪና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በመኖሪያ መንገድ ላይ ቆሞ አያድርም የሚል ደንብ አለ። እንዲህ ያለውን ደንብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መኪናው የማያድርበትን ቦታ ነው።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ትራክ ነው የሚነዳው፤ እንደሚታወቀው እዚያ ካለው ሐበሻ ግማሹ ባይሆን ሲሶው ትራክ ይነዳል (ይህን ከኢሚግሬሽን ሳይሆን ከሠርግ ቪዲዮ ነው ያወቅሁት)። ስልክ ሲደውልልኝ ሁልጊዜ ማቆሚያ እየፈለገ ነው። የሹፌሮች ማረፊያው ገና ሲመሽ ይሞላል፤ ሕጉ ደግሞ ከተፈቀደልህ ሰዓት በላይ አትንዳ ይላል፤ መንዳትም ማቆምም የተከለከለበት ሰዓት ላይ ደርሶ ያውቃል። እዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ሹፌር ጭነቱን ለማራገፍ ቀድሞ በመድረሱ ማቆሚያ አጥቶ በተዘጋ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሰባት ዶላር ለመዝረፍ ብለው ገደሉት። በ2012 እ.ኤ.አ. የመኪና ማረፊያ ጉዳይ በስሙ በተጠራ ሕግ ተደነገገ። የጄሰን ሕግ ይሉታል።

ይህን ያነሳሁት ያሰቡ ልጅ ለምን እኔ በር ላይ እንደሚያድር ሲነግረኝ ትዝ ስላለኝ ነው። ከኒሙሌ ወዲህ ያለው መንገድ ለሹፌር ቀልድ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲገደሉ የኬንያና የኡጋንዳ መኪኖች ድንበሩ ላይ ቆመው አንገባም ብለው ነበር፤ ያኔ እኛ ጁባ ተቀምጠን የሽንኩርት ዋጋ ሲወጣ ነው የሰማነው። “ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ሞልቷል፣ እዚያ ብታድር ማን ይከለክልሃል?” አልኩት አንድ ቀን፣ ለራሴ አስቤ። “ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ብተኛ ጠዋት ናፍጣው የለም፤ ከማግሥቱ ባትሪው የለም፤ በሦስተኛው ቀን እኔም የለሁም። ሰው ያለበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት ቦታ ነው የምፈልገው።” ሕፃኗ የእኛ ነበረች። ሌሊት ስታለቅስ ሰላም መሆኑን አውቆ እንደሚተኛ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እሷ ባለቀሰች ቁጥር የሰፈሩን እንቅልፍ ነሳን ብዬ ስጨነቅ ነው የኖርኩት።

ደንቡ ፀና። ባለ 22 ጎማው በማግሥቱ ተነሣ። የሄደውም ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ ጀርባ ያለው መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ደንብ የለም። ሻይ ሻጯ ተከተለችው። ቦዳ ቦዳዎቹ ሻይዋን ተከተሉ። ካርድ ሻጩ፣ መንዛሪው፣ ፍየሎቹ ሁሉ ወደ ጀርባ ዞሩ። እኛ መንገድ ላይ የቀረው ፀሐይና መኪናው የዝናቡን ወራት ሲመላለስ የቆፈራቸው ሁለት ቦዮች ናቸው። ጠዋት ፀጥታ ሆነ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት ትነቃና “ምንድን ነው?” ትለኛለች። ምንም አይደለም እላታለሁ። ምንም ባለመሆኑ ነው የነቃችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከአጥሬ ላይ አራት ቆርቆሮ በሌሊት ተነቅሎ ተወሰደ። ያሰቡ ልጅ ይህን ሲሰማ በእግሩ መጣና የተነቀለበትን ቦታ እያየ “እኔ ብኖር እኮ ስልሳ ጊዜ አይቼው ነበር” አለ። አልተሟገትኩም። ለስንት ጊዜ በነፃ ዘበኛ ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሮ እኔ ለካ ስለ ሞተሩ ነበር የምከስሰው። ባለቤቴ ያቀረበችለትን አቦል ጠጣ፤ በረካው ላይ ግን ለመሄድ ተነሣ፤ ከመኪናው ራቅ ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።

ከዚያ የጀርባው መንገድ ሰዎች በተራቸው ስብሰባ ጠሩ። የእኛ ሱልጣን በክብር እንግድነት ተጋብዘው ልምድ አካፈሉ። እነሱም በጎማ ቆጠሩ፤ ባለ 22 ጎማው ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው መንገድ ሄደ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ስብሰባው ለፊታችን እሑድ ተጠርቷል።

ነገሩን እስከ መጨረሻው አስቀድመው ያዩት ሳጅኑ ናቸው። ከቤታቸው ጎን ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ባዶ ቦታ አላቸው። ቦታውን አስጠረጉት፣ ቆርቆሮ አሳጠሩት፣ እንጨት ላይ አንድ አምፖል ሰቀሉ፣ ሁለት የወንድሞቻቸውን ልጆች በዱላ አቆሙ፤ ጁባ ውስጥ እንዲህ ያለ የግል ማቆሚያ አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ በሰፈራችን ግን የመጀመሪያው ነው። ከተማን ያህል ነገር ያልመለሰውን ጥያቄ አንድ ጡረተኛ በአንድ አምፖል ሊመልሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደንቡ ሲወጣ ከሁሉ ቀድመው የደገፉት ለምን እንደነበርም ያኔ ገባኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነህ ብለው የዋጋውን ሠሌዳ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ክፍያው በጎማ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ለእያንዳንዱ ጎማ ይህን ያህል ተብሎ። ደንቡም በጎማ ስለሆነ ሰዉ በቶሎ ይገባዋል አሉ።

ሠሌዳው የተሰቀለ ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ሆኖ የመጣው ያ ጎማው ዜሮ የሆነው ሰውዬ ነው። ማቆሚያው ብርሃንና ጥበቃ ስላለው ዘበኛውን ማሰናበት ፈልጓል። ዜሮ ጎማ በማንኛውም ዋጋ ቢባዛ ዜሮ ነው፤ ይህንንም በምስክርነት እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ፤ በሙያዬ የታወቀ ነገር ስለሆነ አረጋገጥኩለት። ሳጅኑ ተቆጡ።

“ጎማ ከሌለው በምን ይገባል?”

“ከባለ አሥሩ መኪና ስድስት እዋሳለሁ።”

“እንግዲያው ስድስት ጎማ ገባ ማለት ነው፤ የስድስት ትከፍላለህ።”

“ጎማው የእኔ አይደለም እኮ። ከገባ በኋላ ነቅዬ እመልሳለሁ።”

ባለ አሥሩ ይህን ሰምቶ ከሻይ ቤቱ እየሮጠ ደረሰ። እሱ ደግሞ የሚለው፣ ጎማዎቹን ለአንድ ቀን ካዋሰ በዚያች ሌሊት የእሱም መኪና ዜሮ ስለሚሆን እሱም በነፃ ይግባ ነው። ሳጅኑ ሠሌዳውን አውርደው ወደ እኔ ወረወሩትና በቶን እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ሚዛኑን ማን ይገዛል ብዬ ብጠይቅ መልሳቸውን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ቀለሙን ገዝቼ እየጠበቅሁ ነው።